አጋፋሪና ጸደይ

ሰው ለዋዛ ያጠለቀውን የሐሰት መልክ በጊዜው ካላወለቀ፣ ውሎ አድሮ ከገዛ ቆዳው ይልቅ ለዚያ መልክ ይሳሳል፤ ሊገልጥበት የቀረበውንም ሁሉ ነፍሱን ሊወስድ እንደ መጣ ጠላት ያየዋል። በሀብሩ ወረዳ፣ በግራና የማንጎ እርሻዎች መካከል የሆነው ነገር ለዚህ ምስክር ነው። በዚያ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ውሸት ዋሹ። አንዳቸው ሕዝብ በተሰበሰበበት ውሸቱን በገዛ አፉ አፍርሶ ከነኀፍረቱ ኖረ፤ ሌላው ኀፍረቱን ሽሽት ነፍስ አጠፋ።

ነገሩን መጀመሪያ ያስታወቀው ውሃው ነው። ማክሰኞ ጠዋት፣ ከወንዝ ተጠልፎ ወደ እርሻዎቹ የሚወርደው ውሃ ከቦዩ ገንፍሎ እስከ መኪና መንገዱ ፈሰሰ። ወደ መርሳ የሚሄዱ ሴቶች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እየተሻገሩ፣ «ዛሬ ባለተራው ማን ነው? ሙሽራ ነው እንዴ፣ ተኝቶ የቀረው?» እያሉ ተሳለቁ። ሁለት ገበሬዎች ሊወቅሱት ቦዩን ተከትለው ሽቅብ ወጡ። ባለተራው አልተኛም ነበር። ሙባረክን ከውሃው መክፈቻ አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ማጅራቱ በራሱ አካፋ ተመትቶ አገኙት። በኪሱ፣ ውሃ እንዳይነካው በፌስታል የተጠቀለለ ባለቁልፍ ስልክ ነበር።

ሙባረክ አባቱ ከሞቱ ወዲህ እናቱን ወይዘሮ ዙልፋንና ታናሽ እህቱን ነኢማን በዚያ እርሻ የሚያኖር፣ ሚስት ያላገባ፣ ጠብ የማይወድ ሰው ነበር። ከአንድ ሰው ጋር ብቻ በውሃ ምክንያት ይጋጭ ነበር፤ እርሱም የእርሻ ጎረቤቱ ሲራጅ ነው። በዚያ ጠዋት ወደ ሲራጅ በቆሎ የሚወስደው ቅርንጫፍ ቦይ በአካፋ እንደ አዲስ ተቀዶ ተገኘ። ፖሊስ ሲራጅን ያዘው።

ደም በፈሰሰበት አገር ግን ነገሩ በፖሊስ ብቻ አያልቅም። ጠብ የሚያበርዱት፣ በፊታቸውም የሚማለው አበጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው። የግራናው አበጋር ሸህ ጀብሪል የውሃ አባትም ነበሩ፤ የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍሉ እርሳቸው ናቸው። በቀብሩ ማግሥት፣ ሐሙስ ዕለት፣ ሲራጅን በፖሊስ እንደታጀበ አቅርበው በአገሩ ደንብ የተሠራውን መሐላ አነበቡለት፦ «ውሃውንም ሰውየውንም አልነካሁም።» ሲራጅ ቁርኣኑን አየ፤ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው።

«አልምልም» አለ።

የሟች አጎቶች ከዚያ በኋላ የሰሙት ነገር የለም። በሚቀጥለው ሐሙስ ካልማለ ደማቸውን ከሲራጅ ቤት እንደሚመልሱ አስታወቁ። እርሱ በፖሊስ እጅ ቢሆንም ቤቱ ትልልቅ ወንዶች ልጆች አሉት፤ ልጆቹም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደጅ አልወጡም። ሸህ ጀብሪል ወደ ወልድያ መልእክት ላኩ። ኢንስፔክተር ብዙነሽ አያሌው የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው፤ ድምፅዋን የማታነሣ፣ ስትጠይቅ ከመላሹ አፍ ይልቅ እጁን የምትመለከት፣ በዕድሜዋ ጠና ያለች ሴት።

ሽማግሌው እርሻውን እያዞሩ አሳዩአት።

«አባባ፣ የዚያን ማክሰኞ ተራው የሙባረክ ነበር?»

«አልነበረም ልጄ። የሙባረክ ቀን ዓርብ ነው። ማክሰኞ የአንድ በሽተኛ ሽማግሌ ተራ ነው። ዋዜማውን ከዐስር ሶላት በኋላ ልጆቹ ‹አባታችን ደክሟል፣ በዚህ ሳምንት አናጠጣም› አሉኝ። ሙባረክ ማንጎው ሊደርቅበት ነበርና መስጊድ በር ላይ ለብቻው ጠርቼ ‹ነገ አንተ ግባ› አልኩት።»

«ሌላስ ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። እኔ ለሁለት ሰው የነገርኩት ተራ፣ ጠዋት ጠብ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ።»

ከውሃው መክፈቻ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ አሮጌ የማንጎ ዛፍ ነበር። ብዙነሽ ከግንዱ ጀርባ ተቀመጠች። ጎርፉ ጥሎት የሄደው ደለል በዛፉ ሥር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዱን ቅርፊት በጣቷ ብታነሣው፣ ከሥሩ ተመጥጦ የተተፋ የሸንኮራ ገለባ ተገኘ። ሌላውን አነሣች፤ በዚያም ገለባ ነበር።

«አባባ፣ ውሃ የሚያጠጣ ሰው ሸንኮራ ይመጥጣል?»

«በሁለት እጁ አካፋ የያዘ ሰው ሸንኮራውን በምኑ ይይዘዋል?» አሉ ሸህ ጀብሪል።

«ገለባው ከደለሉ ሥር ነው። እንግዲህ የተፋው ሰው ውሃው ከመምጣቱ በፊት እዚህ ተቀምጦ ነበር። ብዙም ቆይቷል።»

ሽማግሌው ዛፉንና መክፈቻውን እያፈራረቁ አዩ። «አድብቶ ጠብቆታል በዪኛ! ያረቢ! ታዲያ ሲራጅ ይህን ያደርጋል?»

«ይህን ከራሱ ከሲራጅ እንስማ» አለች።

ሲራጅ በጣቢያው ግቢ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ስትቀርብ ሊነሣ ሞከረ፤ በእጇ ከለከለችው።

«ሲራጅ፣ ውሃውን ቀድደሃል።»

«ቀድጃለሁ» አለ። «ባለተራው ታሟል፣ ውሃው ባለቤት የለውም ብዬ ነው። ሰው ሳያየኝ በቆሎዬን አጠጥቼ ልመለስ ስል ‹ሰው ሞተ› የሚል ጩኸት ሰማሁ።»

«ሙባረክ ተራውን እንደወሰደ አላወቅህም?»

«ባውቅ ኖሮ እቀድድ ነበር? ሙባረክን አያውቁትም። አንድ ጣሳ ውሃ ቢጎድልበት ሽቅብ ቁልቁል ቦዩን የሚመረምር ሰው ነው።»

«ታዲያ ለአበጋሩ እውነቱን ብትናገር ምን ነበረበት?»

«በአገር ፊት ሌባ ነኝ ልበል?»

«ነፍሰ ገዳይ ከመባል አይሻልም?»

ሲራጅ ቀና ብሎ አያት። «ነፍሰ ገዳይ የሚሉኝ ሰዎች ናቸው። በቁርኣን ዋሽቼ ብምል ግን የሚጠይቀኝ ሌላ ነው።»

ብዙነሽ ከዚያ ወደ መርሳ ወረደች። ነኢማ የታጨችለት ኡበይደላ በመናኸሪያው ጀርባ ማንጎና ፓፓያ እያስጫነ ወደ ሩቅ ከተሞች የሚልክ ነጋዴ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ጎርናና፣ ሹፌርና ጫኝ የሚፈሩት ሰው ነበር። ሲያያት ግቢውን በአንድ ጩኸት ጸጥ አሰኘና ወንበር አቀረበላት።

«አላህ ይርሐመው» አለ። «ኒካሑ ቢደርስ ወንድሜ ነበር።»

«ትቀራረቡ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ! የታጨ ሰው የልጅቷ ቤት ዘው ብሎ አይገባ። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አየሁት፤ ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሰላምታ ብቻ ነው። ደንቡን ያውቁታል።»

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ሲራጅ ነው ይላሉ። ዓሪፍ የሚባልም አለ፤ ነኢማን ጠይቆ ሙባረክ የከለከለው። ጌም ቤት ያለው። ሴት ሆኖ የሚጫወተው!» አለና ወደ ጎን ምራቁን ተፋ። «ስለ ሟች ክፉ መናገር ደስ አይለኝም እንጂ፣ ሙባረክ ራሱም ከስልኩ ላይ የማይነሣ፣ ጨዋታ ያሰከረው ሰው ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከማን ጋር እንደሚጣላ ማን ያውቃል?»

ብዙነሽ የኡበይደላን እጅ አየች። ሰፊው እጁ ጉልበቱ ላይ ተቆልፎ ነበር። አመስግናው ወጣች፤ በመንገድ ላይም በፌስታል ተጠቅልላ ከሟቹ ኪስ የተገኘችው ስልክ ከልቧ አልወጣችም።

የዓሪፍ ጌም ቤት ስልክ የሚጠገንበትም ነው። አንድ አግዳሚ ላይ ወጣቶች ተደርድረው ይጫወታሉ፤ ባለቤቱ በመስኮቱ በኩል፣ ቀጭንና አፈ ፈጣን ሰው፣ ከትልቅ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። በስክሪኑ ላይ ረጅም ጸጉር ያላት ሴት በጎራዴ ዘንዶ ትቆራርጣለች።

«ዓሪፍ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ፤ ክስ ከሆነ ግን ወንድሜ ነው።»

«ይህችስ ሴት ማን ናት?»

«እሷም እኔ ነኝ።» ወጣቶቹ ሳቁ። «ኢንስፔክተር፣ በዚህ ጨዋታ ሰውየውን ከጀርባው ነው የሚያዩት። ቀን ሙሉ የወንድ ጀርባ ከማይ የሴት ጀርባ ባይ ምን አለበት? ደግሞ ሴት ከሆኑ ሰው ያግዝዎታል። ወንድ ከሆኑ ረግጦዎት ያልፋል።»

«ሰው አይሰድብህም?»

«ያሾፉብኛል እንጂ። እማዬ ሳትቀር ‹ልጄ፣ ዛሬስ ማን አጨህ?› ትለኛለች።»

«ሙባረክ ይጫወት ነበር?»

ዓሪፍ ሊስቅ ጀምሮ ሐዘኑ መለሰው። «ሙባረክ? ወላሂ፣ አንድ ጊዜ መጫወቻውን ባስይዘው እንደ አካፋ ጨበጠው። የሱ ስልክ እንኳን ጨዋታ ፎቶም አይቀበል።»

«ነኢማን ከልክሎህ ነበር አሉ።»

«ከልክሎኛል። ‹ጌም ቤት ሥራ ነው እንዴ?› አለኝ። አኮረፍኩ። ከዚያ ስልኩ ተበላሽቶበት እንድጠግንለት ይዞት መጣ፤ ማኩረፉም ቀረ።» ዐይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነኝ።»

«ወንድ ሆነው የሚጫወቱ ሴቶችስ አሉ?»

«እንዴታ! ሴት ልጅ በሴት መልክ ከገባች ‹የት ነሽ፣ ፎቶ ላኪ› እያሉ መቆሚያ ያሳጧታል። ስለዚህ ጢም አብቅላ ትገባለች።» ይህን ሲል ፈገግ አለ፤ ወዲያው ደግሞ እንደ መደንገጥ ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ብዙነሽ አላስጨነቀችውም።

በሐዘኑ ቤት ወይዘሮ ዙልፋ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ልጃቸው ስልክ ስትጠይቃቸው በእንባቸው መካከል ፈገግ አሉ። «የኔ ልጅ? ደውሎ ‹ሄሎ› ከማለት በቀር ምን ያውቃል! ፎቶ ሲልኩለት ‹የኔ ስልክ ሆድ የለውም› ይል ነበር። ተች ስልክ ያላት ነኢማ ናት።»

ብዙነሽ ነኢማን ወደ ጓሮ ወሰደቻት። ልጅቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሠርጓን የምትጠብቅ፣ ዐይነ አፋር ናት።

«ነኢማ፣ በጨዋታው ውስጥ ስምሽ ማን ነው?»

ልጅቱ የነጠላዋን ጫፍ ጠመዘዘች። መልሱ ሲመጣ ድምፁ ከትንፋሽ አይበልጥም ነበር። «አጋፋሪ።»

ከዚያ በኋላ መናገሯን አላቆመችም። በስልኳ በምትጫወተው የጦርነት ጨዋታ ጢም ያለው፣ ጋሻ ያነገበ ጎበዝ ሆና ኖራለች። የወንድ ኑሮ ስለማታውቅ የወንድሟን ኑሮ አለበሰችው፤ ሲጠይቁት አጋፋሪ የማንጎ እርሻ ያለው፣ የውሃ ተራ የሚጠብቅ፣ በቅርቡ እህቱን የሚድር የግራና ሰው ነው። በዚያው ጨዋታ ጸደይ የምትባል ሴት አገኘ። አብረው ተዋጉ፤ በጽሑፍ አወሩ፤ ጨዋታው ይህን ይፈቅዳልና በጓደኞቻቸው ፊት ተጋቡ።

«ጸደይ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

«ሆደ ባሻ ናት። ‹ቀኑን ሙሉ ስጮኽ እውላለሁ፤ እዚህ ስመጣ ድምፄ ያርፋል› ትለኝ ነበር።»

«ሴት አለመሆኗን ያወቅሽው መቼ ነው?»

ነኢማ ደነገጠች። «እንዴት አወቁ? … አንድ የመርሳ ሽማግሌ የተቀበሩ ዕለት ‹ዛሬ አልጫወትም፣ እጄ የመቃብር አፈር ነው› ብላ ጻፈች። እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትወርድም፤ አፈር የሚያለብስ ወንድ ነው። ሳቄ መጣ። ‹ወንድ መሆንህን ደረስኩበት፤ የመርሳ ሰው ነህ፤ እህቴን ስድር በሚዜዎቹ ፊት ምስጢርህን አወጣዋለሁ፣ አገር ይስቃል› ብዬ ጻፍኩለት።»

«ማን እንደሆነ አውቀሽ?»

«አላወቅሁም! ደንግጦ ስሙን እንዲነግረኝ ነው። ቀልድ ነበር።»

«ምን መለሰ?»

«ዝም አለ። በኋላ ሰኞ አመሻሹ ላይ ‹ነገ ትጫወታለህ?› አለኝ። ወንድሜ የነገረኝን ይዤ ‹ነገ የውሃ ተራ ደርሶኛል፤ ጎህ ሲቀድ ማንጎው ዘንድ ብቻዬን ነኝ› አልኩት።» ይህን እንደተናገረች አፏን በሁለት እጇ ከደነች። ለራሷም ያን ጊዜ ገባት።

ብዙነሽ እስክትረጋጋ ጠበቀቻት። «ከዚያ ወዲህ ‹የት ጠፋህ?› ብሎ ጽፎልሻል?»

«አንድም ቀን። ከሌሎች ጋር ግን ሲጫወት አይቻለሁ።»

«ሐሙስ ዕለት ይህን በሰው ፊት ትናገሪያለሽ?»

«አጎቶቼ ይገድሉኛል። ሠርጌም ይፈርሳል። ሴት ልጅ ወንድ ሆና ከወንድ ጋር ስትጋባ … ማን ይሰማኛል?»

«ካልተናገርሽ ሲራጅ እንደማይምል ታውቂያለሽ። ልጆቹንም ታውቂያቸዋለሽ።»

ብዙነሽ ቃል ሳታስገባት ሄደች።

ሐሙስ ሕዝቡ መሐላ በሚፈጸምበት ሾላ ጥላ ተሰበሰበ። አጎቶቹ ከፊት፣ ኡበይደላ ለአማችነቱ ክብር ከእነርሱ ጎን፣ ዓሪፍ ከወጣቶቹ ጋር፣ ሴቶቹ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ሲራጅ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆመ። ሸህ ጀብሪል ቁርኣኑን ሳይገልጡ ለብዙነሽ ቦታ ለቀቁላት።

«ከመሐላው በፊት የማስረዳው አለኝ» አለች። «ገዳዩ በማንጎው ሥር ሸንኮራ እየመጠጠ አድብቷል። ገለባውን ከደለሉ ሥር አግኝተነዋል፤ ውሃው ሳይደርስ በፊት ቦታውን ይዞ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ማክሰኞ የሙባረክ ተራ እንደሆነ ያውቃል። ተራው ግን የተለወጠው በዋዜማው ነው፤ አባባ ጀብሪልም ከሙባረክ በቀር ለሰው አልነገሩም።»

«ሲራጅ ጎረቤቱ አይደለም? ያውቃላ!» አለ ታላቁ አጎት።

«አያውቅም። ሲራጅ በዚያ ጠዋት ውሃ ሰርቋል።» ጉርምርምታ ተነሣ፤ ሲራጅ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ። «መሐላውን የፈራው ለዚህ ነው። ‹ሰውየውን አልነካሁም› ማለት ይችላል፤ ‹ውሃውን አልነካሁም› ማለት አይችልም። አስቡት፤ ሙባረክ ከቦዩ ራስ ቆሞ እንደሚጠብቅ እያወቀ የሙባረክን ውሃ የሚሰርቅ ሰው አለ? የሰረቀው ባለቤት የሌለው መስሎት ነው። ሌብነቱ ራሱ ከደሙ ያነጻዋል።»

ሸህ ጀብሪል ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነት ነው። ሙባረክ እያለ ከዚያ ቦይ ውሃ የሚሰርቅ አልተወለደም።»

«ስለ ተራው የሰማ ሌላ አንድ ሰው አለ። የሰማው ከሙባረክ አፍ አይደለም፤ በስልክ ጨዋታ ነው። ሴት ሆኖ የሚጫወት ወንድ ነው፤ የመርሳ ሰው ነው።»

«ዓሪፍ ነዋ!» አጎትየው ከመቀመጫው ተነሣ። «ልጃችንን የከለከልነው!»

ዓሪፍ አመድ መሰለ። ብዙነሽ እጇን አነሣች።

«ዓሪፍ ሴት ሆኖ እንደሚጫወት የማያውቅ በመርሳ አለ? እናቱ ሳይቀሩ ያሾፉበታል። አንድን ሰው ‹እገልጥሃለሁ› ብለህ የምታስፈራራው የሸፈነው ሲኖር ነው። ደግሞ ገዳዩ ሙባረክ በስልክ ጨዋታ የሚጫወት ሰው እንደሆነ ያምናል። ዓሪፍ ይህን ቢሰማ ይስቃል። የሟች እናት ወይዘሮ ዙልፋም ይስቃሉ። ሙባረክ የነበረው ስልክ ይህ ነው።» ባለቁልፉን ስልክ ከፌስታሉ አውጥታ አሳየች። «በምርመራዬ ሁሉ ሙባረክ ‹ጨዋታ ያሰከረው ሰው ነበር› ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። ኡበይደላ፣ ከማን ሰማህ?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ ኡበይደላ ዞረ።

«እኔ እንጃ» አለ በጎርናና ድምፁ። «ገበያ ላይ ነው። ሰው ያወራል።»

«ማን አወራ? ስሙን ጥራ» አሉ ሸህ ጀብሪል።

«አባባ፣ ሰው ሁሉ ያውቃል! ሁለት ስልክ ይኖረዋላ! በዚህ እኔን ነፍሰ ገዳይ ልትሉኝ ነው? የልጃችሁን እጮኛ?»

አጎቶቹ ተያዩ። የኡበይደላ ቃል ሊያሳምናቸው ተቃርቦ ነበር፤ ብዙነሽም የምትጨምረው ማስረጃ በእጇ አልነበራትም። ከሴቶቹ ወገን አንዲት ልጅ ስትነሣ ወይዘሮ ዙልፋ ቀሚሷን ይዘው ሊያስቀምጧት ሞከሩ፤ እጃቸውን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«አጋፋሪ እኔ ነኝ» አለች ነኢማ።

ከተሰበሰበው ሕዝብ የሚበዛው ምን እንዳለች አልገባውም። ኡበይደላ ግን ተነሥቶ ቆመ።

«አንቺ?» አለ። ድምፁ የሚታወቀው ድምፁ አልነበረም። «ሙባረክ … ሙባረክ አይደለም እንዴ?»

የተናገረው ለራሱ ጆሮ እስኪደርስ ድረስ ኡበይደላ አፉን እንደከፈተ ቀረ። አጎቶቹ ዱላቸውን ጨበጡ፤ ሸህ ጀብሪል ግን በትራቸውን በእነርሱና በእርሱ መካከል መሬት ላይ ጣሉ። አበጋር በትሩን ከጣለበት የሚያልፍ የለም፤ አጎቶቹም አላለፉም።

«አንተ ሴት ሆነህ ትጫወታለህ» አለች ብዙነሽ። «ሴትም ወንድ ሆና ልትጫወት እንደምትችል እንዴት ሳታስብ ቀረህ?»

ኡበይደላ ተቀመጠ፤ ሰፊው ትከሻው ወደ ውስጥ የታጠፈ መሰለ። «እርሻው የሱ፣ ተራው የሱ፣ የሚድራት እህት የሱ … ማንን ልበል? ደንብ ጠብቄ ቤቱን አልረገጥኩ፤ ስልኩን በምን ልይ?» ቀጥሎም፣ «እህቱን ሊድርልኝ የተቀመጠ ሰው እኔን ራሴን አግብቶኝ ነበር። በሚዜዎቼ ፊት ሊያወጣው! ከዚያ በኋላ የትኛው ጫኝ ይታዘዘኛል? በየትኛው ገበያ እቆማለሁ?» አለ።

«ያገባሁህ እኔ ነኝ» አለች ነኢማ። አላለቀሰችም። «ቃሌ ወንድሜን እንደገደለው አውቃለሁ፤ እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። አንተ ግን ያን ሁሉ ጊዜ ብሶትህን የሰማሁልህ እኔ ነበርኩ። እኔ ነኝ ብትለኝ ኖሮ አልስቅብህም ነበር።»

ኡበይደላ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ብዙነሽ ስልኩን ከእጁ ተቀበለች፤ ሲከፈትም ጸደይ ነጭ ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ቆማ ታየች። ፖሊሶቹ ሲራጅን ለቅቀው ኡበይደላን ያዙት።

ሸህ ጀብሪል መሐላውን ለሁለት ከፈሉት፤ ሲራጅም እጁን በቁርኣኑ ላይ አሳርፎ «ሰውየውን አልነካሁም» ብሎ ማለ። ስለ ውሃው ጥፋተኛነቱን በአገር ፊት አመነ፤ በጋውን ሙሉ ቦዩን ብቻውን እንዲጠርግም ተፈረደበት። አጎቶቹ በነኢማ ላይ እጃቸውን አላነሡም፤ የሚያናግሯት ግን አልነበሩም። ዘንድሮ የወንድሟን ተራ ጠብቃ፣ አካፋ ይዛ ውሃውን የምትመራው እርሷ ናት፤ በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ይጠቋቆሙባታል፣ እርሷም ትሰማቸዋለች።

ኡበይደላ በወልድያ በተሰየመው ችሎት ፊት ቀርቦ፣ አስቦና አድብቶ ሰው በመግደል ጥፋተኛ ሆኖ ስለተገኘ፣ በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ተቀጣ።